የብረት ሠሪውን ልጅ ስጽፍ

ስመኝ የብረት ሠሪ ልጅ ናት። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው፤ የምትኖረው ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ እኔ በፈጠርኋት አንዲት መንደር ውስጥ፣ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» በሚሉት ዘመን ነው። እሷን ጽፌ ለመጨረስ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከአምስቱ ሁለቱ በአንድ ስሕተት የባከኑ በመሆናቸው፣ አደገኛ ኃይል ያላት ወጣት ወገኖቿን ለመጠበቅ ስትማር የሚያሳይ ልቦለድ በአማርኛ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው የእኔን መንገድ እንዳይደግም የሆነውን ሁሉ እንደ ሆነው እነግረዋለሁ።

ስሕተቱ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ረቂቅ የስመኝ ዓይን ይገድል ነበር። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የጎረቤት ሕፃን ዳቦ ሲገምጥ አይታ ትጎመጃለች፣ ሕፃኑም በዚያው ሌሊት ታሞ ይሞታል። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ታድጋለች፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ሽፍቶች መንደሯን ሲከብቡ ግን ቀና ብላ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ያን ምዕራፍ የጨረስሁት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ደስታው እንቅልፍ ነሥቶኝ ቡና አፍልቼ ብቻዬን እስኪነጋ ጠጣሁ። የተናቀችው ልጅ በተናቀችበት ነገር ወገኖቿን አዳነች፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ብዬ ነበር።

ረቂቁን ለሦስት ሰዎች ሰጠሁ። ሁለቱ ወደዱት። ሦስተኛዋ ነርስ ናት፤ አያቷ ብረት ሠሪ እንደ ነበሩ አስቀድሜ አውቃለሁ፤ እንዲያውም የሰጠኋት የወናፉንና የመዶሻውን ነገር እንድታርምልኝ ነበር። ከወር በኋላ ስንገናኝ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ መለሰችልኝ። ስለ ወናፉ አንድም ቃል አልጻፈችም። ሕፃኑ በሞተበት ገጽ ጠርዝ ላይ ብቻ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ ብላ ነበር፦ «ይህ እኮ ስለ እኛ የሚወራው ነው። አንቺ ደግሞ እውነት ነው አልሽ።»

ተከራከርሁ። ልቦለድ ነው አልሁ፤ ጀግናዋ እሷው ናት፣ መንደሩን የምታድነውም እሷ ናት አልሁ። አስጨርሳኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ሕፃኑን ማን ገደለው?» አለች። «ስመኝ ናታ!» አልኋት። «እንግዲያው እናትየዋ ልጇን ከእኛ ደጃፍ ብታርቅ ልክ ናት ማለት ነው» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም የለኝም።

እዚህ ላይ ከየትኛው ወገን ሆኜ እንደምጽፍ መናገር ይኖርብኛል። ያደግሁት በጎጃም ውስጥ በአንዲት የገበያ ከተማ ነው። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይዛኝ ስትወጣ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥራ አንገቴ ላይ ታስርልኝ ነበር፤ ሸክላ ሠሪዋ ከምትቀመጥበት ጥግ ስንደርስም የነጠላዋን ጫፍ ፊቴ ላይ ጣል ታደርጋለች። ከሴትዮዋ መግዛቱን ግን አትተውም። ምጣዱን አንሥታ በጣቷ ታንኳኳዋለች፣ ስንጥቅ እንዳይኖረው ድምፁን ታዳምጣለች፣ ዋጋ ትከራከራለች፣ ከዚያ ገዝታ ታሸክመኛለች። ቤት ስንደርስ በጎመን ዘር አሟሽታ ትጋግርበታለች። እንጀራው ሲቀርብ ደግሞ ዓይን እንዳይበላን ተብሎ በሩ ይዘጋል። በሩን የምንዘጋው ምጣዱን በሠራችው ሴት ላይ መሆኑን ልብ ለማለት ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ልብ ያስባለኝም ያ በእርሳስ የተጻፈ መስመር ነው።

የሚጻፍለትን ሕዝብ የሚያውቅ ሰው ረቂቁን እንዲያይ ማድረግ ጥሩ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ የምለው ግን ረቂቁ ሳይጻፍ በፊት ነው። ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ሰው ወናፍ እንዲያርም ነው የሚጠየቀው፤ መሠረቱ ጠማማ መሆኑን ቢያይም ቤቱ ቆሞ ስለሚያገኘው ለመናገር ድፍረት ይጠይቀዋል። እሷ ደፋር ስለሆነች እንጂ እኔ ጠይቄያት አልነበረም።

ረቂቁን ትቼ እንደገና ስነሣ መጀመሪያ ያስቸገረኝ የስመኝን ኃይል የምጠራበት ቃል ነበር። አማርኛችን በዚህ ነገር ድሃ አይደለም፤ እንዲያውም ቃሉ ስለበዛ ነው የሚያስቸግረው። ምትሐት የሌለውን እንዳለ አድርጎ ዓይንን ማታለል ነው። መተት በሌላ ሰው ላይ ይሠራል፤ ደጃፍ ላይም ይቀበራል። ድግምት እንደ ስሙ የሚደገም ቃል ነው፤ ሟርት ክፉውን በአፍ ጠርቶ ማምጣት ነው፤ ጥንቆላ ሰው ከፍሎ የሚያስጠነቁለው ነው። እያንዳንዱ ቃል ከኋላው ደንበኛ፣ ዋጋ፣ ሰዓት፣ ቦታ አለው፤ አንባቢውም ይህን ሁሉ ከእናቱ ጓዳ ጀምሮ ስለሚያውቀው ጸሐፊው ቃሉን በጣለበት አያነሣውም። ቡዳነት ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ሰው ተምሮት ወይም ከፍሎበት የሚያገኘው ሳይሆን ከአባት ከእናቱ የሚወርሰው ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ የሚከስሰው አንድን ሰው ሳይሆን ዘርን ነው። ጠይብ የሚለውም ቃል ከጥበብ የወጣ ሆኖ ሳለ ስድብ መሆኑ የሚገርም ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ሲያስነግሩ፣ ሕዝቡ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያለ እንደሚሳደብ ዘርዝረው ነበር። እኔም ጸሐፊ ነኝና፣ ከስመኝ ጋር በአንድ አዋጅ መጠቀሳችንን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

የቀረው ቃል አስማት ነበር። አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ አስማት በግእዝ የስም ብዙ ቁጥር መሆኑን ለስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ስሞች ማለት ነው፤ በጸሎቱ ውስጥ የሚጠሩት የእግዚአብሔር ስሞች፣ ከዚያም ኅቡእ የሆኑት ስሞች። ይህን እያወቅሁ አላሰብሁበትም ነበር። አንድ ቀን ተማሪዎቼ የስም ብዙ ቁጥር ሲያወጡ አንዲት ልጅ «እንግዲያው አስማተኛ ማለት ስም የሚያውቅ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሰጠኋት መልስ ትዝ አይለኝም፤ የዚያን ዕለት ማታ ግን ስመኝ ዓይኗን ትታ ስም መጥራት ጀመረች።

ስም በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጸሐፊውን የሚያሳርፈውም ይኸው ነው። የክርስትና ስሙን ለማያውቀው ሰው የማይናገር ብዙ ሰው አለ። ኮከብ ቆጣሪው የሚጠይቀው የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ነው፤ የፊደሎቹን ቁጥር ደምሮ በ12 ይገድፋል፣ የቀረው ቁጥር ኮከቡ ይሆናል። ደብተራው ክታብ ሲጽፍ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆርጣል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ነው፤ በጸሎቱ መካከልም የዚያን ሰው የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ያስገባል። ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዝልያን በጦር ሲወጋ የሚታይባቸው፣ ትልልቅ ዓይኖች የተሣሉባቸው ጥቅልሎች ብዙ ናቸው። ዓይንን የሚመልሰው ዓይን፣ ስምን የሚጠብቀው ስም ነው። ይህ ሁሉ ቁሳቁስ በእጃችን ሳለ የባዕድ አገር ጠንቋይ በትርና ኮፍያ የሚያስይዝ የአማርኛ ድርሰት ሳነብ ያናድደኛል። ቁጣዬ ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል፤ እኔም ያን ዓይነት ነገር በልጅነቴ ጽፌያለሁ።

እናም አዲሷ ስመኝ የነገሩን ሁሉ ኅቡእ ስም ትሰማለች። የጠራችው ነገር ይታዘዛታል፤ እሳቱን ብትጠራው ይነሣል፣ ጅቡን ብትጠራው ይቆማል። ሆኖም ኃይል ብቻውን ታሪክ አይሆንም፣ ምን እንደሚያስከፍል መወሰን ነበረብኝ። እዚህ ላይ ሦስት ወር ያህል ጠፋሁ። መጀመሪያ ደም እንድትተፋ አደረግሁ፤ ሰለቸኝ። ቀጥሎ ዕድሜዋ እንዲያጥር አደረግሁ፤ ይህም ለአንባቢው ቁጥር ብቻ ሆነበት። መልሱን ያገኘሁት ብረት ሠሪ ዘንድ ሄጄ ነው።

የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ነርሷ ወደ ዘመዶቿ ይዛኝ ሄደች። የሥራ ጎጆው ከመንደሩ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከወንዙ አጠገብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ብቻ፣ ጣራው ግን ዝቅ ያለና ጥቁር ነው። ስገባ ምንም አልታየኝም። ለምን መስኮት እንደማያወጡለት ስጠይቅ ሽማግሌው ሳቁብኝ። «ብረቱ የሚናገረው በቀለሙ ነው፤ ፀሐይ ካለ ቀለሙ አይታይም» አሉኝ። እውነት ነው፤ ብረት ደመቅ ባለ ብርሃን ውስጥ ምን ያህል እንደጋለ አይለይም፣ በጥላ ውስጥ ግን በመጀመሪያ እንደ በሰለ ቲማቲም፣ ቀጥሎ እንደ ብርቱካን ልጣጭ፣ ከዚያም እንደ ገለባ ቢጫ ሲሆን ቁልጭ ብሎ ይታያል። የልጅነት ፍርሃቴ ግማሹ የዚያ ጨለማ ፍርሃት ነበር፤ እነዚያ ሰዎች በጨለማ ምን ይሠራሉ ይባል ነበርና። ማረሻ ነው የሚሠሩት፤ ቀለም ነው የሚያዩት።

ወናፉን የምትነፋው የልጅ ልጃቸው ናት፤ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ የእያንዳንዱ አፍ በሁለት ዘንግ የተያያዘ ስለሆነ በጣቶቿ ስትከፍተው አየር ይገባል፣ ስትዘጋውና ወደ ታች ስትጫነው ወደ ፍሙ ይወጣል። ቀኝዋ ሲነሣ ግራዋ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ያህል ሳታቋርጥ ስትነፋ አያቷ አንድ ጊዜም «ጨምሪ» ወይም «ቀንሺ» አላሏትም። የእሳቱን ቀለም እሷም ታያለችና። አንድ ጊዜ ብቻ ከእኔ ጋር ስታወራ ዓይኗን ከፍሙ አነሣች፤ በዚያች ቅጽበት ብረቱ ነጭ ሆኖ የእሳት ብልጭታ መትፋት ጀመረ። ሽማግሌው በጉጠት አውጥተው አሳዩኝ፤ ጫፉ ተበልቷል፣ እንደ ተነከሰ ዳቦ ሆኗል። «ይህ አይድንም» ብለው ወደ ጎን ጣሉት፤ አልተቆጧትም። ቀጣዩን ከመስፉ ላይ አስተኝተው ቀጠቀጡ፣ ውሃ ውስጥ ሲከቱት ጎጆው በእንፋሎት ተሞላ። የጋለ ብረት ውሃ ሲገባ እንደሚጠነክር አውቅ ነበር፤ ጠንክሮ ብቻ ከቀረ ግን ድንጋይ ሲነካ እንደ ገል እንደሚሰበር፣ ስለዚህ መልሰው ጥቂት እንደሚያሞቁት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ስመለስ የስመኝ ትምህርት ምን እንደሚመስል ገባኝ። ኃይሏን የምትማረው ከተራራ ላይ መናኝ አይደለም፤ ከአባቷ ወናፍ ነው። ስም መጥራት መቼ እንደሚበቃ፣ መቼ እንደሚያቃጥል፣ መቼ እንደሚሰብር የምታውቀው ቀለም በማየት ነው። ያችን የተበላች ብረትም በቀጥታ ወደ መጽሐፉ አስገባኋት፤ ስመኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ከልክ በላይ ስትጠራ የምትጠራው ነገር ራሱ ይበላል። ዋጋው ግን ሌላ ነው፤ በጠራች ቁጥር ከወገኖቿ የአንዱ ስም ከአእምሮዋ ይወጣል። ፊቱን ታውቃለች፣ ድምፁን ታውቃለች፣ ምን ብላ እንደምትጠራው ግን አታውቅም። ታናሽ ወንድሟ ጅብ ሊወስደው ሲል ጅቡን ጠርታ ታቆመዋለች፤ ሮጣ ልታነሣው ስትል አፏ ይከፈታል፣ ስሙ የለም። «አንተ ልጅ» ትለዋለች። ልጁ ያን ቃል ሰምቶ ማልቀስ የሚጀምርበትን አንቀጽ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ከመጽሐፉ ሁሉ አንድም ቃል ሳይለወጥ እንዲቀር የምፈልገው እሱ ነው።

ዘመኑን የመረጥሁት ለጅቡ ብዬ ነው። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ የገባው የከብት በሽታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቀረ፣ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፣ ሰው በየመንገዱ ወደቀ፣ አራዊትም ሰው መድፈር ጀመሩ። ብረት ሠሪው ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ተገድሎ ጆሮው ላይ ጉትቻ የተገኘበት ጅብም አለ እየተባለ በሚወራበት አገር፣ ጅቡ በቀን ደጃፍ ሲደርስ የሚጠረጠረው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ይህን ብቻ ነበር። በኋላ ግን አጼ ምኒልክ በዚያ ዘመን በሬ ላጣው ገበሬ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸውን ሳነብ፣ ዶማውን ማን ሠራው የሚል ጥያቄ መጣብኝ። በሬ የሌለው ገበሬ ማረሻ አያስፈልገውም፤ ያለ ዶማ ግን አይኖርም። በእኔ መንደር የስመኝ አባት የማይፈለጉትን ማረሻዎች እየሰበሰበ ዶማ ያደርጋቸዋል፤ ቀን ዶማ ሊያሠራ የሚመጣው ሰው ማታ የእሱን ቤት በጦር ይጠብቃል። ታሪክን ማንበብ ለምናባዊ ድርሰት ጌጥ መስሎ የሚታየው ካለ፣ የመጽሐፌን አከርካሪ ያገኘሁት ከዚህ መሆኑን ልንገረው።

አንዲት ሌላ አንባቢም አለችኝ፤ እስራኤል ነው የምትኖረው፤ ቤተሰቧ በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን የሄዱ ናቸው። አያቷ በጎንደር አቅራቢያ በወለቃ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ሦስት ምዕራፍ ካነበበች በኋላ በድምፅ መልእክት «ለመሆኑ ሰዎችሽ እነማን ናቸው?» አለችኝ። ቤተ እስራኤል ከሆኑ ቅዳሜ እሳት አይነድድም፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍሙ መጥፋት አለበት፤ የስመኝ አባት ግን ቅዳሜ ጠዋት ይቀጠቅጣል። ክርስቲያን ከሆኑ ደግሞ በዓሉ፣ ጾሙ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቆሙበት ቦታ መታየት አለበት። እኔ «ብረት ሠሪዎች» ብዬ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከትቼ ነበር፤ ከሳሾቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ክርስቲያን አደረግኋቸው፤ ምክንያቱ የእሷን አያቶች ታሪክ ከእሷ በተሻለ እጽፋለሁ ብዬ ስላላመንሁ ብቻ ነው። እሱን እሷ ብትጽፈው ይሻላል፤ ነግሬያታለሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ኃይሉም ዋጋውም ዘመኑም ከተገኙ በኋላ፣ ስመኝ ወገኖቿን የምትጠብቀው ከማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀረ። ሽፍቶቹን አልተውኋቸውም ነበር፤ በሁለተኛውም ረቂቅ መጡ፣ በስማቸው ተጠርተው ወደቁ፣ መጽሐፉ አለቀ። ነርሷ ይህን ስታነብ ከበፊቱ ይልቅ ዝም አለች። «ሽፍታ እኛን አያስፈራንም ነበር» ነው ያለችው በመጨረሻ። ጎረቤት ነበር የሚያስፈራቸው።

ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ያየሁት ትዝ አለኝ። የጎረቤታችን ልጅ ታማ ወድቃለች፤ ቡዳ በልቷት ነው ተባለ። ቤቱ ውስጥ ጭስ አለ፤ ከጭሱ ይልቅ የማስታውሰው የትልልቆቹን ሰዎች ድምፅ ነው። ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ይዘው፣ ራሷን በነጠላ ሸፍነው «ማነህ? ከየት መጣህ? ተናገር!» ይሏታል። ልጅቱ ታቃስታለች፣ ታለቅሳለች። ደጋግመው ይጠይቋታል። በመጨረሻ ለፈለፈች፤ የሸክላ ሠሪዋን ስም ተናገረች። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እኔም እፎይ አልሁ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ ሸክላ ሠሪዋ እስከ ማታ አንድም ገንቦ ሳትሸጥ ዋለች፣ ማንም ምክንያቱን አልነገራትም። እናቴ በዚያች ቀን ወደዚያ ጥግ አልወሰደችኝም።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ በጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ያን ቤት ሳስበው፣ በዚያ ጭስ ውስጥ አስማት የሚሠራው ማን እንደሆነ አየሁት። ስም እየተጠራ ነው፤ ከተጠራ በኋላ የአንዲት ሴት ኑሮ ይለወጣል። የስመኝ ኃይልና የመንደሩ ኃይል አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ እሷ ዋጋውን ራሷ ትከፍላለች፣ እነሱ ግን የሚያስከፍሉት ሌላውን ነው። ሽፍቶቹን በዚያው ሌሊት ሰረዝኋቸው፤ አርባ ገጽ ያህል ነበሩ።

በሦስተኛው ረቂቅ የመጨረሻው ምዕራፍ የሚፈጸመው በአንዲት ጠባብ ጎጆ ውስጥ ነው። የጭቃ ሹሙ ልጅ ታማለች፤ ርሀብ ነው፣ ትኩሳት ነው፣ ማንም አያውቅም። ሰዎቹ ጦራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ልጅቱ ስም እስክትናገር ይጠብቃሉ፤ የሚወጣው ስም የአባቷ እንደሆነ ስመኝም አንባቢውም ያውቃሉ። ደብተራው ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ በመጀመሪያው ረቂቅ ተንኮለኛ አድርጌው ነበር፣ አሁን ግን ብራናውን ታቅፎ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚሆነውን እያወቀ ዝም የሚል ሰው ነው። ስመኝ ማንም ሳይጠራት ትገባለች። እሳቱን ጠርታ ጎጆውን በእነሱ ላይ ልታነድደው ትችላለች፤ ቀለሙንም ታየዋለች፣ ነጭ ሊሆን ደርሷል። የምታደርገው ግን ከታመመችው ልጅ አጠገብ ተንበርክኮ የልጅቱን የራሷን ስም በጆሮዋ መጥራት ነው። «ማነሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ልጅቱ የምትናገረው የራሷን ስም ይሆናል። ሰዎቹ ጥያቄውን ይደግማሉ፤ እሷም ስሟን ትደግማለች። የሚከሰስ ሰው አላገኙም፤ ጦሩ ግድግዳው ላይ እንደ ተደገፈ ይነጋል።

ይህ ምዕራፍ እንዲሠራ ያስቸገረኝ ትልቁ ነገር አነጋገሩ ነበር። ስመኝ የጭቃ ሹሙን ሚስት «እመቤቴ» ትላለች፤ እሳቸው ደግሞ ስሟን ጠርተዋት አያውቁም፣ «አንቺ የጠይብ ልጅ» ነው የሚሏት። በመጨረሻው ገጽ «ስመኝ» እንዲሏት ለማድረግ በጣም ተፈትኜ ነበር። ነርሷ አልፈቀደችልኝም፤ «አይሏትም» አለች። አሁን ሴትዮዋ ምንም አይሉም፤ ውሃ በቅል ያቀብሏታል፣ ቅሉን ግን መልሰው አይቀበሏትም። እኔ ከፈጠርሁት ሁሉ ይህን በጣም የሚያምነው እንደ እሷ ዓይነት አንባቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ለዚያች ሌሊት የተከፈለው ዋጋ የአባቷ ስም ነው። ስመኝ በማለዳ ወደ ጎጆው ስትመለስ ወናፉ ይነፋል፣ አባቷ ዶማ እየቀጠቀጠ ነው፤ ደጃፍ ላይ ቆማ ምን ብላ እንደምትጠራው ትፈልጋለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ባለፈው ዓመት ክረምት እናቴ ዘንድ ሄጄ ያን ምዕራፍና የገበያውን ምዕራፍ አነበብሁላት። ዓይኗ ስለ ደከመ አሁን የምታነበው በእኔ ነው። ጤና አዳሙ የታሰረበት ቦታ ላይ ስደርስ «ይህችኛዋ እኔ ነኝ?» አለችኝ። አዎን አልኋት። ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ እንድገባ አዝዛኝ ከግድግዳው ሥር የተቀመጠውን አሮጌ ምጣድ እንዳወጣው ነገረችኝ። ጠርዙ ትንሽ ተሸርፏል፣ መሐሉ ግን እንደ መስተዋት ያበራል። «ይኸው እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም፤ የእሷ እጅ ነው» አለች። የሴትዮዋ ስም ማን ነበር ብዬ ጠየቅኋት፤ በዚያ ጭስ ውስጥ የሰማሁት ስም ከእኔ ጠፍቷል። እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ብዙ አሰበች።

«ሸክላ ሠሪዋ ነበር የምንላት» አለች።